ሻጩ «ባለ 5,500 ዋቱን ይውሰዱ» ይለኛል

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ከ12 ዓመት በፊት በተሠራ ቤት ውስጥ ከባለቤቴ፣ ከሁለት ልጆቼና በቅርቡ ከአሰላ ካመጣኋቸው የ74 ዓመት እናቴ ጋር እንኖራለን። እናቴ ቁርጥማት ስላለባቸው ጠዋት ጠዋት ውሃ እያሞቅሁ በባልዲ አጥባቸዋለሁ፤ አስተማሪ ስለሆንሁ ግን ሰዓቱ አይበቃኝም። ስለዚህ የኤሌክትሪክ ሻወር ለመግዛት ወሰንን። ሱቅ ስሄድ ሻጩ ግድግዳው ላይ ካለው የሻወር ቧንቧ ጫፍ የሚገጠመውን ባለ 5,500 ዋት አሳየኝና ‹ይህን ይውሰዱ፣ ከዚህ ያነሰ አያሞቅም› አለኝ። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ‹ያ ቤት ያቃጥላል፤ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ይሻላችኋል› ይላል። ውሃ የሚመጣልን በፈረቃ ስለሆነ ጣሪያ ላይ ሮቶ አለን፤ ወደ ሻወሩ የሚወርደው ውሃ ግን ኃይል የለውም። ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል፤ ቆጣሪያችን የካርድ ነው። ባለቤቴ ‹መግጠሙ ለእኔ ነው፤ ሁለት ሽቦ ማገናኘት ምን ያቅታል› ይላል። የቱን ልግዛ?»

የተከበሩ ጠያቂያችን፣

መልሱን ከፊት ላስቀምጠውና ምክንያቱን ከኋላ ላስከትል። ለእርስዎ ቤት የምመርጠው በቀጥታ የሚያሞቀውን ሻወር ነው፤ ሆኖም ሻጩ ያሳየዎትን ሳይሆን፣ ማሞቂያው በብረት ቱቦ የተሸፈነ፣ ሦስት የሙቀት ደረጃ ያለውና ከፍተኛው ደረጃ 4,500 ዋት አካባቢ የሆነውን ይፈልጉ። ይህም ቢሆን የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከርና በትክክል የሚሠራ የመሬት ሽቦ ከተዘጋጀለት በኋላ ብቻ ነው። እነዚህ ሦስቱ እስኪሟሉ ድረስ ባልዲው ይቀጥል፤ ሻወሩን አስቀድሞ ገዝቶ ሽቦውን «ቀስ ብለን እናስተካክላለን» ማለት በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያየሁትና ሁልጊዜ የምፈራው አካሄድ ነው።

ሻጩ «ከዚህ ያነሰ አያሞቅም» ሲልዎ አዳማ ውስጥ መሆኑን የዘነጋ ይመስለኛል። በቀጥታ የሚያሞቅ ሻወር ውሃ አያጠራቅምም፤ ውሃው በማሞቂያው ላይ በሚያልፍበት አጭር ጊዜ ውስጥ መሞቅ ስላለበት፣ የሚያስፈልገው ኃይል የሚወሰነው ውሃው ሲገባ ባለው ቅዝቃዜና በደቂቃ በሚፈስሰው የሊትር መጠን ነው። አንድ ሊትር ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ 4.2 ኪሎጁል ገደማ ያስፈልጋል። ከሮቶው የሚወርደው ውሃ 20 ዲግሪ ቢሆንና ለገላ የሚስማማውን 38 ዲግሪ ቢፈልጉ ልዩነቱ 18 ዲግሪ ነው፤ በዚህ ስሌት ባለ 3,500 ዋት ሻወር በደቂቃ 2.8 ሊትር፣ ባለ 4,500 ዋት 3.6 ሊትር፣ ባለ 5,500 ዋት ደግሞ 4.4 ሊትር ያህል ሙቅ ውሃ ይሰጣል። የመጀመሪያው ቀጭን ነው፤ ሳሙና ለማስለቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛው በደቂቃ ውስጥ ሁለት ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ለመሙላት ጥቂት የሚቀረው በመሆኑ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለሚታጠቡ እናት በቂ ነው። ሦስተኛው ደስ የሚል ፍሰት አለው፤ ለዚያች 0.8 ሊትር ጭማሪ የሚከፈለው ዋጋ ግን ከሱቁ ይልቅ በግድግዳዎ ውስጥ ባለው ሽቦ ላይ ነው የሚወድቀው።

ይኸው ባለ 5,500 ዋት አሰላ ላይ ቢሆን ሻጩን አልቃወመውም ነበር። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት፤ እዚያ ጠዋት ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ 14 ዲግሪ ቢሆን እንኳ የሚሞቀው በ24 ዲግሪ ስለሆነ፣ ያው ትልቁ ሻወር በደቂቃ 3.3 ሊትር ብቻ ይወጣዋል። አዳማ ግን የስምጥ ሸለቆ ከተማ ናት፤ እናትዎ ከለመዱት ውሃ ይልቅ ከእርስዎ ሮቶ የሚወርደው ሥራው ሩብ ያህል አልቆ የሚመጣ ነው ማለት ይቻላል። ፀሐይ ሲመታው የዋለው ሮቶ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ለብ ያለ ውሃ እንደሚሰጥ እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት እንደተመለሱ በዚያ ሰዓት ቢታጠቡ ሻወሩን ማብራት አያስፈልጋቸውም፤ ወይም በዝቅተኛው ደረጃ ይበቃቸዋል። ባለ ሦስት ደረጃ ይሁን ያልኩዎትም ለዚህ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋቶች ብቻ ናቸው ፈተናው፤ በእነዚያ ወራት ሮቶው ሌሊቱን ቀዝቅዞ ስለሚያድር፣ ቧንቧውን ትንሽ ቀነስ በማድረግ ፍሰቱን ማቅጠን ውሃውን ያሞቀዋል። ብዙ ሰው ውሃው ሲቀዘቅዝበት ቧንቧውን ይበልጥ ይከፍታል፤ ይህ ግን ተቃራኒውን ውጤት ነው የሚያመጣው።

አሁን ወደ ሽቦው እንሂድ፤ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ እሱ ነውና። 4,500 ዋት በ220 ቮልት ሲሠራ 20.5 አምፔር ይስባል፤ 5,500 ዋት ደግሞ ድፍን 25 አምፔር። የእንጀራ ምጣድዎ 3,500 ዋት አካባቢ ከሆነ 16 አምፔር ነው፤ ስለዚህ አንዱ ሻወር ከምጣድ በላይ ይከብዳል፤ ምጣዱና ሻወሩ አንድ ላይ ቢበሩ ደግሞ 36 አምፔር ያልፋሉ። ከ12 ዓመት በፊት በተሠራ ተራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለአምፖል የተዘረጋው ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ለሶኬት የተዘረጋው ባለ 2.5 ነው። ሁለቱም ለዚህ ሥራ አልታሰቡም። መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ካለው ሶኬት ቀጥሎ መውሰድ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ቀላልም ነው፤ ሶኬቱ ግን በተለምዶ ከ16 አምፔር በላይ እንዲሸከም ስላልተሠራ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቀለጠ ፕላስቲክ ሽታ ይጀምርዎታል።

ስለዚህ ከብሬከር ሳጥኑ ተነሥቶ ሌላ ምንም ነገር ሳይነካ በቀጥታ ሻወሩ ድረስ የሚሄድ ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ ይዘርጋ፤ መነሻውም ላይ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይቀመጥ። ሳጥኑ ከመታጠቢያ ቤቱ የራቀ ከሆነ፣ ወይም ወደፊት ትልቁን ሻወር እገዛለሁ የሚል ሐሳብ ካለዎት፣ ባለ 6 ያድርጉት፤ ግድግዳ ሁለት ጊዜ ከመሰርሰር የሽቦው ልዩነት ይረክሳል። ሱቁ ውስጥ ባለ ሦስት ደረጃው 5,500 ዋት ብቻ ከተገኘና በመካከለኛው ደረጃ እየተጠቀሙ ለመኖር ቢያስቡ እንኳ፣ የሽቦው ልክ የሚሰላው በከፍተኛው ደረጃ ነው፤ አንድ ቀን አንድ እንግዳ ጫፍ ድረስ ያዞረዋልና። ሽቦው ከሻወሩ ሽቦ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በሴራሚክ ማያያዣ ተጠብቆ ይታሰር እንጂ፣ ተጠማዝዞ በናስትሮ ብቻ አይጠቅለል። ናስትሮ ሙቀት ሲበዛበት ሙጫው ይለቅቃል፤ መያያዣው ይላላል፤ የላላ መያያዣ ደግሞ ይበልጥ ይሞቃል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ሳልነካ አላልፍም። ብሬከሩ በተደጋጋሚ ሲወርድ «ደካማ ነው» ተብሎ በ32 ወይም በ40 አምፔር ይለወጣል። ብሬከር የሚጠብቀው ሻወሩን ሳይሆን ሽቦውን ነው። ቀጭን ሽቦ ላይ ትልቅ ብሬከር ማስቀመጥ ማለት ሽቦው ግድግዳ ውስጥ እየነደደ ብሬከሩ ዝም ብሎ እንዲያይ መፍቀድ ነው። የባለቤትዎ ወንድም «ያ ቤት ያቃጥላል» ያሉት ከዚህ ዓይነቱ አደጋ የመነጨ ይሆናል፤ ስጋታቸው እውነት አለው፤ ጥፋቱ ግን የሻወሩ አይደለም። እንዲሁም ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው የሚመጣው ገመድና ዋናው ብሬከር ይህን ተጨማሪ ጭነት ይችሉ እንደሆነ ባለሙያው ይይልዎ፤ ካልቻሉ በአካባቢዎ ወደሚገኘው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማእከል ሄዶ ማመልከት ነው።

ባለቤትዎ «ሁለት ሽቦ ማገናኘት ነው» ማለታቸውን በአክብሮት ላርመው። ሽቦው ሦስት ነው። ሦስተኛው፣ ባለ አረንጓዴና ቢጫ መስመሩ፣ ባለሙያዎች ‹ግራውንድ› ወይም ‹ኧርዝ› የሚሉት የመሬት ሽቦ ሲሆን፣ በዚህ ጉዳይ ኤሌክትሪኩን ከሚያመጣው ፌዝና ከሚመልሰው ኒውትራል ይልቅ የሰው ሕይወት የሚንጠለጠለው በእሱ ላይ ነው። ሻወር ከሌሎች ዕቃዎች የሚለየው ሰው ራቁቱን፣ ቆዳው ርሶ፣ እግሩ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ሆኖ የሚጠቀምበት በመሆኑ ነው፤ እርጥብ ቆዳ ኤሌክትሪክን የመከላከል አቅሙ ከደረቅ ቆዳ እጅግ ያነሰ ነው። ምጣድ ላይ «ነዘረኝ» ተብሎ የሚታለፈው ነገር ሻወር ሥር ላይታለፍ ይችላል።

እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት በተከራየሁት ቤት ውስጥ ይህን ቀምሼዋለሁ። ሻወሩ በርቶ ሳለ የቧንቧውን እጀታ ስነካ እስከ ክርኔ ድረስ ይነዝረኝ ነበር። ገጣሚው ተጠርቶ መጣና «ትንሽ ንዝረት ነው፤ ይለመዳል» ብሎኝ ሄደ። በኋላ ከፍቼ ሳየው አረንጓዴው ሽቦ ከሥሩ ተቆርጦ ጫፉ በናስትሮ ተጠቅልሏል። ይህን ታሪክ በነገርኩት ቁጥር ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ የቧንቧ እጀታ በጣቴ ጀርባ ሳልሞክር አልይዝም። ከመቁረጥ የሚብስም አለ፤ አንዳንድ ገጣሚ የመሬት ሽቦ በቤቱ ውስጥ ሲያጣ አረንጓዴውን ሻወሩ ላይ ከኒውትራሉ ጋር ያስረዋል። ሥራው ለጊዜው ያማረ ይመስላል፤ ኒውትራሉ በምሰሶው ወይም በሳጥኑ ውስጥ የተቋረጠ ዕለት ግን ፌዙ በማሞቂያው በኩል ዞሮ የሻወሩን አካልና ቧንቧውን በሙሉ 220 ቮልት ያለብሰዋል። ይህን እንዳያደርጉብዎ፣ ሥራው ሲጠናቀቅ ክዳኑ ሳይዘጋ ያሳዩኝ ይበሉ፤ አረንጓዴው ሽቦ ብቻውን ወደ ሳጥኑ፣ ከሳጥኑም ወደ መሬት መሄዱን በዓይንዎ ይመልከቱ።

ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ድርጅት ፌዝና ኒውትራል ቤትዎ ድረስ ያመጣል፤ የመሬት ሽቦውን ማዘጋጀት ግን የቤቱ ባለቤት ድርሻ ነው። በግቢዎ ውስጥ አንድ ሜትር ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ርዝመት ያለው መዳብ የለበሰ ዘንግ መሬት ውስጥ ተመትቶ ከሳጥኑ ጋር በወፍራም ሽቦ ይገናኛል። አፈሩ ደረቅና እሳተ ገሞራ ወለድ በሆነበት እንደ አዳማ ባለ ቦታ አንድ ዘንግ ላይበቃ ስለሚችል፣ ባለሙያው በመሣሪያ ለክቶ ቁጥሩን ይንገርዎ፤ «ደህና ነው» የሚል መልስ ልኬት አይደለም። ቦታው የልብስ ማጠቢያ ውሃ የሚደፋበት ወይም የአትክልት ጥግ ቢሆን እርጥበቱ ይረዳዋል።

በመሬት ሽቦው ላይ ተጨማሪ፣ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ማፈትለክ ሲጀምር በቅጽበት የሚያጠፋ መቁረጫ አለ፤ በሱቅ ‹ኢ.ኤል.ሲ.ቢ› ወይም ‹አር.ሲ.ዲ› ብለው ይጠይቁ፤ 30 ሚሊአምፔር የሚል ይሁን። ተራው ብሬከር 25 አምፔር እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቃል፤ ለሰው ልጅ ልብ ግን ከዚያ እጅግ ያነሰ ይበቃል። ይህ መቁረጫ በፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው፤ በወር አንድ ጊዜ ተጭነው ያጥፉት፤ ካልጠፋ ይቀየር። ማሞቂያው የተሸፈነ ይሁን ያልኩበት አንዱ ምክንያት እዚህ ነው። በብዙ ርካሽ ሻወሮች ውስጥ ማሞቂያ ሽቦው እንደ ሽቦ ምንጭ ተጠምዝዞ ራቁቱን ውሃው ውስጥ ተነክሮ ነው የሚሠራው፤ በውሃው በኩል ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚያፈተልክ መቁረጫው ደጋግሞ ይወርድብዎታል፤ ሰውም ሲሰለቸው መቁረጫውን ያስወጣዋል። ውሃው ጨውና ማዕድን በበዛበት መጠን ይህ ይብሳል። ሮቶዎን የሚሞሉት ከቧንቧ ሳይሆን ከጉድጓድ ውሃ ከሆነ፣ ራቁቱን ማሞቂያ በጭራሽ አይግዙ።

ስለ ደካማው ውሃ ደግሞ ሱቅ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ይለኩ። ከሻወሩ ራስ እስከ ሮቶው ታችኛው ክፍል ስንት ሜትር አለ? እያንዳንዱ ሜትር 0.1 ባር ያህል ግፊት ይሰጣል። በቀጥታ የሚያሞቅ ሻወር ውስጥ ውሃው ገፍቶ ማሞቂያውን የሚያበራ ስስ ሽፋን አለ፤ ውሃው ካልገፋው አይበራም፤ ለብዙዎቹ ዝቅተኛው መጠን አንድ ሜትር ከፍታ ነው፤ ልምዴ ግን ሁለት ሜትር ካልሆነ ከመበሳጨት እንደማይድኑ ነው። ከአንድ ሜትር በታች ሆኖ ካገኙት ሮቶውን ከፍ ማድረግ የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል። ባለ 1,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ስለሚመዝን መቆሚያው በግድግዳ ወይም በቢም ላይ እንጂ በቆርቆሮው ላይ አይረፍ፤ ባዶ ሲሆን ደግሞ የአዳማ ነፋስ እንደ ጣሳ ስለሚያንከባልለው በሽቦ ገመድ ይታሰር። ከፍታው በቂ ሆኖ ውሃው አሁንም ከቀጠነ ወደ ቧንቧው ይመልከቱ፤ ምናልባት የሮቶው ወለል ላይ የተቀመጠው ደለል ማጣሪያውን ደፍኖት ይሆናል። የአዳማ የቧንቧ ውሃ ከአዋሽ ተወስዶ ቆቃ ላይ የሚጣራ ነው፤ ከተቋረጠ በኋላ ሲመለስ ግን በመስመሩ የተኛውን ዝቃጭ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ከሻወሩ በፊት ትንሽ የወንፊት ማጣሪያ ያስገጥሙ፤ ሮቶውንም በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠቡት።

ማታ መብራቱ ስለመድከሙም ጽፈዋል። የማሞቂያ ኃይል ከቮልቴጁ ጋር እኩል አይወርድም፤ በካሬው ነው የሚወርደው። ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ቢወርድ ባለ 4,500 ዋቱ የሚሰጠው 3,000 ዋት ገደማ ብቻ ነው፤ አንድ ሦስተኛው ጠፋ ማለት ነው። ለእርስዎ ይህ ብዙ አያስጨንቅም፤ እናትዎ የሚታጠቡት ጠዋት ነውና። (ከከተማው ዳር ኮረብታው ላይ የሚዞሩትን የነፋስ ተርባይኖች አይተው ከሆነ፣ አንዱ ነፋስ በሙላት ሲመታው 1.5 ሜጋዋት ያመነጫል፤ ይህ ለ330 ያህል እንደዚህ ያሉ ሻወሮች ብቻ ነው የሚበቃው። የሰፈራችን ትራንስፎርመር ማታ ለምን እንደሚያቃስት ከዚህ ይገምቱ።) ለማንኛውም አንድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ባለሙያው በቴስተር ቮልቴጁን ይለካ።

የባለቤትዎን ወንድም ቦይለር በሁለት አንቀጽ ካላየሁት ፍርዴ አድልዎ ይመስላል። ባለ 50 ሊትር ቦይለር ብዙውን ጊዜ 1,500 ዋት ነው፤ የሚስበው 7 አምፔር አካባቢ በመሆኑ ለአሮጌ መስመር የዋህ ነው። ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ከዚያ በኋላ ከቀዝቃዛ ውሃ ጋር ሲደባለቅ 110 ሊትር ገደማ ለገላ የሚሆን ውሃ ይወጣዋል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የሞቀው ውሃ ለሰዓታት ይቆያል፤ በቀጥታ የሚያሞቀው ሻወር ግን መብራቱ በጠፋበት ቅጽበት ቀዝቃዛ ውሃ ይሆናል፤ ይህን ጉድለቱን አልሸፍንም። አዲስ መስመር መዘርጋት የማይቻል ከሆነ፣ ጠዋትም ቮልቴጁ የሚወርድ ከሆነ፣ ወይም ወጥ ቤት ውስጥም ሙቅ ውሃ ከፈለጉ ቦይለሩን ይግዙ። የመሬት ሽቦና መቁረጫ ግን ለእሱም ያስፈልጉታል፤ ከዚህ ማምለጫ የለም።

ነገር ግን ለቦይለር ሙቅና ቀዝቃዛ ሁለት መስመር፣ ማደባለቂያ ቧንቧ፣ ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው ቫልቭና ጠንካራ ግድግዳ ያስፈልጉታል። ውሃ ሲሞላ ከነአካሉ ከ60 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ውስጡ ክፍት በሆነ ብሎኬት ላይ በተራ ፊሸር መስቀል አይቻልም። ቫልቩ ውሃ ያንጠባጥባል ተብሎ በቡሽ የተደፈነበት ቤት አይቻለሁ፤ ያንን ቦይለር ሳይሆን ቦንብ ብዬዋለሁ። ከሁሉ በላይ ግን 60 ዲግሪ ውሃ ለአዛውንት ቆዳ አደገኛ ነው፤ እናትዎ ቀዩን እጀታ ብቻ በስሕተት ቢከፍቱ ይቃጠላሉ። በወጪም ቢሆን እናትዎ 8 ደቂቃ ቢታጠቡ ባለ 4,500 ዋቱ የሚወስደው 0.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ ቦይለር ግን ማጥፋት ከተረሳ ማንም ሳይታጠብበት እየቀዘቀዘና እየሞቀ ይውላል። የመብራት ታሪፋችን ደግሞ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ የሚልበት በመሆኑ፣ ካርዱ ላይ ይታወቅብዎታል።

ሱቅ ሲገቡ ካርቶኑን ሳይሆን በዕቃው አካል ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ። 220 ቮልት የሚል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ይህ ዓይነቱ ሻወር እጅግ በተስፋፋባት በብራዚል በ127 ቮልት የሚሠራም ስለሚመረት፣ እሱ በስሕተት ከመጣና 220 ላይ ከተገናኘ ኃይሉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ወዲያው ይቃጠላል። ‹አይ ፒ› ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ያለው ሁለተኛ ቁጥር 4 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን፤ የሚረጭ ውሃ ወደ ውስጥ እንደማይገባ የሚያመለክተው እሱ ነው። ሦስተኛው አረንጓዴ ሽቦ ከዕቃው ጋር መኖሩን ይዩ፤ ከሌለ መልሱለት። መለዋወጫ ማሞቂያው ለብቻው ይሸጥ እንደሆነም ይጠይቁ፤ የማይሸጥ ከሆነ ማሞቂያው በተበጠሰ ቁጥር ሙሉ ሻወር ሊገዙ ነው።

ባለቤትዎ ሥራ እንዳያጡ ሮቶውን ከፍ ማድረጉን፣ ማጣሪያውንና ቧንቧውን ለእሳቸው ይተውላቸው፤ ሽቦውን ግን የብቃት ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሻን ይሥራው። ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚቆርጥ ማጥፊያ ከመታጠቢያ ቤቱ ውጭ፣ በሩ አጠገብ ይቀመጥ። ተገጥሞ ሲያልቅ መጀመሪያ ብሬከሩ ጠፍቶ ሳለ ውሃው በደንብ እስኪፈስ ድረስ ይከፈት፤ አየር ያለበት ማሞቂያ ኤሌክትሪክ ካገኘ በሰከንዶች ውስጥ ስለሚነድ፣ ውሃ ተቋርጦ በተመለሰ ቁጥርም እንዲሁ ይደረግ። የሙቀት ደረጃው የሚለወጠው ውሃው ተዘግቶ እንጂ እየፈሰሰ አይደለም፤ ደረጃውን እርስዎ አስቀድመው አስተካክለው እናትዎ የውሃውን ቧንቧ ብቻ እንዲነኩ ቢያደርጉ ይሻላል። የሻወሩ ራስ ቀዳዳዎች ሲደፈኑ ውሃው ከመጠን በላይ ስለሚሞቅ፣ በየሁለት ወሩ ፈትተው ኮምጣጤ ውስጥ አሳድረው ይጠቡት።

በመጀመሪያው ጠዋት እናትዎ ከመግባታቸው በፊት ሻወሩን በከፍተኛው ደረጃ አሥር ደቂቃ ያህል ይልቀቁትና፣ በደረቅ እጅ የብሬከሩን የፊት ፕላስቲክ ይዳስሱ። ለብ ካለ ደህና ነው። እጅ የሚያስነሳ ሙቀት ካለው፣ ወይም ሳጥኑ አካባቢ የሚሸት ነገር ካለ፣ አጥፍተው ባለሙያውን ይጥሩት፤ እናትዎ ያን ዕለት በባልዲ ይታጠቡ።